ሰባ ጊጋባይት ማኅተም

አንተ ይህን የምታነብ፣ የአባትህ መሬት ድንበር የት ላይ እንደሚያልቅ ማን ነው የሚያውቅልህ? አንተ ራስህ? ጎረቤትህ? ወይስ ጭቃህን አንድ ቀን ረግጦ በማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ የተቆለፈ የብረት ሣጥን? «እኔው ነኛ!» ለማለት አትቸኩል። በአዲስ አበባ ጥግ ባለችው በዓለም ገና ከተማ ዙሪያ የሚያርሱ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ቤተሰቦችም እስከ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ወር ድረስ እንደዚያው ነበር የሚያስቡት።

መኪያ ስለ እርሻ መሬት የምታውቀው ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ የእናቷ ቤት «ለልማት ይፈለጋል» ተብሎ ሲፈርስ ዓለም ገና መጥታ የተከራየች የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የገበሬዎችን የይዞታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በሚገለብጥ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ፣ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ሰርቨርና መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ማለትም ባካፑን፣ ትጠብቃለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ማንም አያመሰግናትም፤ ባካፕ ትዝ የሚለው ንብረቱ የጠፋበት ሰው ብቻ ነው።

የባካፑ አሠራር ቀላል ነው። ማሽኑ በየቀኑ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ይለይና ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። አዲሱን ሲያስገባ ግን አሮጌውን አይጥልም፤ እንደ ጠንቃቃ ባልቴት ሁለቱንም አጥፎ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በጽሕፈት ቤቱ በቀን የሚለወጠው ጥቂት ነበር፤ ሁለት መቶ ሜጋባይት ቢሞላ ነው። ከኅዳር መገባደጃ ጀምሮ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ሰባት ጊጋባይት ዘለለ። ሠላሳ አምስት እጥፍ! በማግሥቱም ሰባት። በሦስተኛውም ቀን ሰባት። በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መኪያ ቢሮ ስትገባ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ «ቦታ የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ጠበቃት።

ያን ዕለት ቢሮ የገባው ሰው ራሱ በጣት የሚቆጠር ነበር። የጅማ መንገድ ከሌሊት ጀምሮ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የከተማው አዲስ ካርታ፣ ያ ማስተር ፕላን የሚሉት፣ እርሻችንን ሊውጥ ነው ያለው ሕዝብ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ወጥቶ አደባባይ ነው። መኪያ ቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ስለሆነ መጣች። መዝገቦቹን ስካን የሚያደርገው ቢንያም በጓሮ መንገድ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ያደታ በመኪናው ገና ሳይነጋ ነበር የገባው። ዘበኛው ጋሽ እሸቴ በሩ ላይ ነው። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ አንዲት ባለጉዳይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አጥብቀው የተከናነቡ፣ አዴ ገለቴ፣ እማማ ገለቴ እንደ ማለት፣ የሚባሉ ባልቴት።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት መኪያን ስታልፍ። አዳርሽ እንዴት ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደኅና አደሩ፣ አዴ። በዚህ ቀን እንዴት መጡ?»

«የይዞታ ደብተሬን ለዕድሳት ብለው ከወሰዱት አንድ ወር አለፈው። የጎረቤቶቼንም ወስደዋል። መሬት የሚነጠቅ ከሆነ ደብተሬ እጄ ላይ ሆኖ ይነጠቅ ብዬ ነው።»

መኪያ ወደ ዲስኳ ሄደች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የቅርቡን ሰው ነው።

«ቢኒ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰርቨሩ ላይ ፊልም ጭነሃል?»

«እኔ? ኧረ በእመቤቴ! ፊልሜን በፍላሽ ነው የምይዘው። ጨዋ ሰው ነኝ።»

«አምና ያገኘሁት የሕንድ ፊልም የማን ነበር?»

«እሱ የእናቴ ነው። እናቴን ትከሺያለሽ?»

ፊልም አልነበረም። ቀጥላ ፋይል የሚያባዛ ቫይረስ ፈለገች፤ የለም። ምናልባት ባካፑ ራሱን መልሶ እየገለበጠ ይሆን? እንዲህ ያለ ጅልነት ያጋጥማል፤ ሣጥኑን እዚያው ሣጥን ውስጥ ለማስገባት እንደ መሞከር ነው። እሱም አይደለም። በመጨረሻ መጀመሪያ ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ በአሥሩ ቀን የገቡትን ፋይሎች በሙሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደረቻቸው።

ዝርዝሩ ሲወጣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። አንድም አዲስ ስም የለም። ሁሉም አሮጌ የገበሬ መዝገቦች ናቸው፤ ቆጠረቻቸው፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት። ከሦስት ዓመት በፊት ስካን ተደርገው ያለቁ፣ ማንም ሊነካቸው የማይገባ። እያንዳንዱ አምስት ገጽ ነው። በፊት አምስቱም ገጾች ተደምረው አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞሉም ነበር። አሁን እያንዳንዱ መዝገብ ስድሳ ሜጋባይት ሆኗል። ስድሳው በአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ሲባዛ ሰባ ጊጋባይት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሒሳቡ ገጠመ። ግን ለምን?

አንዱን መዝገብ ከሁለቱም ቅጂ ከፈተችው። አሮጌው ጥቁርና ነጭ ነው። «ሞቱማ ፊጣ እና ባለቤታቸው ገለቴ ዋቆ፤ አንድ ነጥብ ሰባ አምስት ሄክታር። በምሥራቅ የኩምሳ ጉደታ ይዞታ፣ በምዕራብ የተረፈች ቱሉ ይዞታ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ።» አዲሱ በቀለም ነው፤ ማኅተሙ ወይን ጠጅ መስሎ ያበራል። «ሞቱማ ፊጣ እና ባለቤታቸው ገለቴ ዋቆ፤ ዜሮ ነጥብ ሃምሳ ሄክታር። በምሥራቅ የመንግሥት ይዞታ፣ በምዕራብ የመንግሥት ይዞታ፣ በሰሜን የመንግሥት ይዞታ፣ በደቡብ መንገድ።»

ኩምሳ የለም። ተረፈች የለችም። ወንዙ እንኳ የለም!

«ቢኒ፣ ና እስቲ።»

ቢንያም በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ስካን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ። «አቶ ያደታ ቁልል ወረቀት እያመጣ ‹ታድሷል፣ አሮጌውን ተካው› ይለኛል። በጥቁርና ነጭ ስጀምር ተቆጣኝ። ‹ማኅተሙ በቀለም ይታይ፣ ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው› አለኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ መኩ? የሚሰጡኝን ማስገባት ነው ሥራዬ።»

«አላነበብከውም?»

«አንዱንም።»

እዚህ ላይ ቆም ብለህ የእነዚህን ሰዎች ነገር እይልኝ! የመዝገቡ አኃዝ በኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። አንድ ነጥብ ሰባ አምስትን ደልዞ ዜሮ ነጥብ ሃምሳ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ዲስኩ አያብጥም፤ መኪያም አትሰማ፤ ባልቴቷም አታውቅ። ግን ቢሮ ውስጥ ያረጀ ሰው ማኅተም የሌለበትን ነገር አያምንም፤ የገዛ ሌብነቱን እንኳ ቢሆን። ውሸቱም በሥርዓቱ ካልተፈረመበት፣ ካልተመታበት፣ ክቡ ቀለም በየገጹ ካልታየበት እውነት አይመስለውም። ስለዚህ አዲስ ወረቀት አስጻፉ፣ አምስቱንም ገጽ አተሙት፣ ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ በትልቁ ጥራት ስካን አስደረጉት። ሰባ ጊጋባይት ማኅተም! ሌብነታቸውን በእጃቸው አረጋግጠው፣ መዝነው፣ መጠባበቂያው ውስጥ ከአሮጌው እውነት ጎን አስቀመጡት።

ቢንያም ወረቀት ክፍል ሄዶ ተመለሰ። «የድሮዎቹ ገጾች የሉም። በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልተው ወጥተዋል፤ መውጫ ቅጹ ላይ ‹ተወግዷል› ተብሎ ተፈርሟል።»

ደብተሩ ከገበሬው ተሰብስቧል። ወረቀቱ ተወግዷል። ሰርቨሩ ላይ በላዩ ተተክቶበታል። ያ የአሥራ አንድ መቶ ቤተሰብ መሬት በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መኪያ እጅ ሥር ባለው፣ አልቻልኩም በቃኝ ብሎ በቀይ በሚጮኸው ዲስክ ላይ።

በዚህ መሀል የሰው ድምፅ ከመንገዱ ቀረበ። ከመስኮቱ ሲታይ ከመስጊዱ በኩልም ከገበያው በኩልም ሕዝብ እየጎረፈ ነው። «ለፈ ኬኛ!» ይላል፤ መሬታችን! ጋሽ እሸቴ የብረት በሩን በሰንሰለት አሰረ። አቶ ያደታ ወርዶ ቁልፉን ተቀበለውና ኪሱ ከተተ። ከጓሮ ያለው የፋብሪካ ግንብ ነው፤ ቁመቱ የሦስት ሰው፣ ጫፉ ሽቦ። ቢንያም የመጣበት መንገድም አሁን በሰው ተሞልቷል። መግቢያም መውጫም የለም።

አቶ ያደታ የመኪያን ክፍል ያንኳኳው ከዚያ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ዲስኩ ሞላ አሉኝ።»

«ሞልቷል።»

«አሮጌ አሮጌውን ቅጂ አጥፊውና ቦታ አስለቅቂ። የመጨረሻው ብቻ ይቅር። እንዲህ አይደል የሚሠራው?»

እንዲህ ነው የሚሠራው። የተንኮሉ ክፋት እዚህ ጋ ነው፤ ትእዛዙ ምንም ነውር የለበትም። የትኛውም የኮምፒውተር ሰው ዲስክ ሲሞላበት የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ቁልፍ መጫን። ነገ ጠያቂ ቢመጣ «ባለሙያዋ ቦታ ለማስለቀቅ አጠፋችው» ይባላል፤ ባለሙያዋ ደግሞ መኪያ ናት።

«ትእዛዙን በደብዳቤ ይስጡኝ» አለች። «ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተደርጎበት።»

አቶ ያደታ ፈገግ አለ። «ዛሬ ደግሞ ማኅተም ወዳድ ሆንሽ?»

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት።»

ፈገግታው ጠፋ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ መኪያ። አይተሽዋል ማለት ነው። እኔስ የማን ልጅ መሰልኩሽ? አጎቴ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ከላይ ነው የመጣው። ከላይ ሲመጣ ምን ይደረጋል? አንቺ ይህን ነገር ከዚህ ክፍል ብታወጪው ‹የመንግሥት ሰነድ ለሁከት ፈጣሪዎች ሰጠች› ነው የሚሉሽ። እኔም የምመሰክረው እሱኑ ነው። ወድጄ አይደለም።»

በዚያ ወር ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ለማሰር ከበቂ በላይ ነበረች። እና ይሄ «ላይ» የሚባል ሰው ማነው? በዚህ አገር ስንት ቤት ፈረሰ፣ ስንት ማሳ ታጠረ፣ ሁሉም ከላይ! ላይ ስም የለው፣ ወንበር የለው፣ ከሥራ አይባረር፣ ፍርድ ቤት አይቆም። የመኪያን እናት ቤት ያፈረሱትም ሰዎች ሰማዩን ነበር የሚያሳዩት። እናቷ ቀና ብላ ብታይ ደመና ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጣሪያው ላይ ያረፈው ያኔ ነው። ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት ጮኸ። ሁለተኛው የኮሪደሩን መስኮት ሰበረ። የጎማ ጭስ ገባ። መብራት ጠፋ፤ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ማሽን ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ይይዛል፤ ቢበዛ።

«አቃጥሉት!» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። «መሬታችንን የሚሸጡበት ቤት ነው!»

አቶ ያደታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ሌላ ነገር አየች። እፎይታ።

«እንግዲህ ተይው» አላት። «ማጥፋትም አያስፈልግሽም። ራሳቸው ያጠፉታል።»

መኪያ ዲስኩን አየችው። እውነቱን ነው። የቀረችውን አንዲት ማስረጃቸውን ባለቤቶቹ ራሳቸው በገዛ ክብሪታቸው ሊያነዱት ነው፤ እሱ እጁን ሳያነሳ። ዲስኩን ነቅላ ጉያዋ ብትከተው የት ትወጣለች? በሩ ቢከፈት ሕዝቡ «የቢሮዋ ሰው» ብሎ ይቀበላታል። ፖሊስ ቢደርስ ሰነድ ይዛ ነው የሚያገኛት። ብትቀመጥ እሳት። ብታጠፋ ደግሞ ዕድሜ ልኳን እንደ እነዚያ ሰማይ ጠቋሚዎች ልትኖር ነው።

ላፕቶፗን ከዲስኩ ጋር አገናኘችና አሮጌዎቹን ቅጂዎች መገልበጥ ጀመረች። ትንንሾች ናቸው፤ ማኅተም አላሳበጣቸውም። ለማነጻጸሪያ ከአዲሶቹም ጥቂት ጨመረች፤ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አቶ ያደታ አያት፤ አልከለከላት፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ በመዳፉ ጨብጦ ቆመ።

ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አዴ ገለቴ ከመስታወቱ ስባሪ ሸሽተው ጥግ ይዘዋል። ቢንያም ከጭሱ አፍ የሚሸፍኑበትን ኩታ ማርጠቢያ ውኃ ይፈልጋል።

«አዴ፣ ይህን ይዩልኝ» ብላ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«ማንበብ አልችልም፣ ልጄ።»

«ጽሑፉን አይደለም።» የመጨረሻውን ገጽ አጎላችው። የጣት አሻራ ነው።

ባልቴቷ ስክሪኑን ተጠግተው አዩት። ከዚያ በጣታቸው ነኩት። «ይህ የሞቱማ አውራ ጣት ነው። ይቺ መሐሉ ላይ የምታልፈው መሥመር ማጭድ የቆረጠችው ናት። አጨዳ ላይ፣ እኔ ነኝ የጠቀለልኩለት።»

መኪያ አዲሱን ከፈተችላቸው። ክብ፣ ለስላሳ፣ ጤነኛ አሻራ። «ይሄስ?»

«ይሄ የሱ አይደለም።»

«ባለፈው ወር ፈርመዋል ይላል።»

«ባለፈው ወር?» የአዴ ገለቴ ነጠላ ከትከሻቸው ወረደ። «ሞቱማ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው!»

ከውጭ የብረት በሩ በድንጋይ ይደበደባል። ጋሽ እሸቴ ዱላውን ይዞ ወደ ደረጃው አፈገፈገ። «የነደደውን ጎማ ወደ በሩ እየገፉት ነው» አለ። «ከሰበታ በኩል ደግሞ የፖሊስ መኪና ይሰማኛል። አንዱ ይቀድማል።»

መኪያ ከበሩ በላይ ወዳለው የፎቅ መስኮት ወጣች። አዴ ገለቴ ክንዷን ይዘው አብረው ወጡ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። መስኮቱን ስትከፍት ጭሱ ዓይኗን መታው። ከታች ያለው ሕዝብ የሰው ጎርፍ ነው። መጀመሪያ ያወረዱባት ስድብ ነበር። ከዚያ ባልቴቷ በኦሮምኛ ጮሁ፤ ዝም በሉ፣ እኔ ነኝ፣ የሞቱማ ገለቴ ነኝ፣ ልጅቷ የምታነበውን ስሙ አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ከደረቀ ደረት ይወጣል ብሎ ማንም አይገምትም።

መኪያ ማንበብ ጀመረች። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣላትም።

«ኩምሳ ጉደታ! ሁለት ነጥብ አንድ ሄክታር። በምዕራብ የሞቱማ ፊጣ ይዞታ፣ በሰሜን ወንዝ። ይህ የድሮው ነው። ባለፈው ወር የተጻፈው አዲሱ እንዲህ ይላል፦ ዜሮ ነጥብ ሃምሳ። በምዕራብ የመንግሥት፣ በሰሜን የመንግሥት።»

«ምን?» አለ አንድ ሽማግሌ ከመሀል። «ኩምሳ እኔ ነኝ! ድገሚው!»

ደገመችው። ቀጠለች። ተረፈች ቱሉ። አብዱረዛቅ ሁሴን። ስም በተጠራ ቁጥር ከሕዝቡ መሀል አንድ ቦታ እጅ ይወጣል፤ ከጎኑ ደግሞ የጎረቤቱ። አንዱ የሌላው ድንበር ነው፤ አንዱ ሲሰረዝ ሌላው ወሰኑ ይጠፋል። ጎማውን የሚገፉት ልጆች ቆሙ። ከዚያ ቁጣው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ቤቱን ሳይሆን ሰው ይፈልጋል።

«ማን ነው የጻፈው? አውጡት! ያደታን አውጡልን!»

መኪያ ዞረች። አቶ ያደታ ከደረጃው ራስ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

«ገደልሽኝ» አላት። «ብናገር ላዮቹ አይለቁኝም። ብወጣ እነዚህ ይበሉኛል። ገደልሽኝ እኮ።»

እሷም ያው ነበረች። ስሟን፣ ፊቷን፣ ድምፅዋን ሺህ ሰው ሰምቷል፤ ከእነሱ መሀል ለፖሊስ የሚናገር አይጠፋም። የመኪናው ጩኸት ከሰበታ በኩል እየቀረበ ነው። በሩ አሁንም በሰንሰለት እንደታሰረ ነው። ከዚህ ቤት እንደገባ የሚወጣ አንድም ሰው የለም።

አዴ ገለቴ ግን ወደ ሰውዬው ሄዱ። እስከ ትናንት በአክብሮት «ኦቦ ያደታ» ነበር የሚሉት። አሁን የልብሱን እጅጌ እንደ ልጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ጎተቱት። ወደ ውጭ በኦሮምኛ ጮሁ፤ ሰው ሊመልስ ሲቆም አይመታም፣ አንድ ድንጋይ እንዳይወረወር፣ የወረወረ ከእኔ ይጣላል አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ድንጋይ ግን አልመጣም።

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ከላይ፣ ከላይ አትበለኝ፣ ያደታ። ላይ ያለው ፈጣሪ ነው፤ እሱ ማኅተም የለውም። ሰው ነው ያዘዘህ፣ ሰው ደግሞ ስም አለው። ለእኔ በጆሮዬ አትንገረኝ። ይኸው፣ ሁሉም ቆሞ ይሰማል፤ ጮክ ብለህ መልስላቸው፦ አፈር የገባውን ባሌን ባለፈው ወር ማን አስፈረመው?»